የግላይደር ጅራት ንድፍና ስፒን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ሞተር አልባ አውሮፕላን (ግላይደር) ማብረር የሚማሩ ሰዎች የስፒን ትምህርት ላይ ሲደርሱ፣ እንዲሁም ያገለገለ ግላይደር ለመግዛት የሚያስቡ አብራሪዎች ስለ ጅራቱ ቅርጽ ሲከራከሩ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ መርሁን ለማስረዳት የተጻፉ ስለሆኑ የአውሮፕላኑን የበረራ መመሪያም ሆነ የአስተማሪን ሥልጠና አይተኩም፤ መመሪያው እዚህ ከተጻፈው የተለየ ነገር ካዘዘ የሚሠራበት የመመሪያው ቃል ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ «ፊን» የተባለው ቀጥ ብሎ የቆመው የጅራት ክንፍ ሲሆን፣ በስተኋላው በማጠፊያ ተይዞ አብራሪው ፔዳል ሲረግጥ ወደ ግራና ቀኝ የሚንቀሳቀሰው «ረደር» ነው። አግድም የተዘረጋውን የጅራት ክንፍ «አግዳሚ ጅራት»፣ በስተኋላው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ደግሞ «ኤሌቬተር» እንላለን።

ስፒን ምንድን ነው? ከስፓይራል ዳይቭ የሚለየውስ በምንድን ነው?

ክንፍ አየሩን የሚገጥምበት አንግል፣ አብራሪዎች «አንግል ኦፍ አታክ» የሚሉት፣ ከወሰኑ ሲያልፍ አየሩ የክንፉን ላይኛ ገጽ ተከትሎ መፍሰሱን ትቶ ይላቀቃል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ስቶል የሚባለው ይህ ነው። ስቶሉ በሚደርስበት ቅጽበት አፍንጫው ወደ አንድ ጎን እየዞረ ከሆነ ሁለቱ ክንፎች እኩል አይጎዱም። ወደሚዞርበት በኩል ያለው ክንፍ ቀድሞ ይወርዳል፤ በመውረዱም አንግሉ ይብሱን ይጨምራል፣ አየሩም ወደ ኋላ ይበልጥ ይጎትተዋል፣ ይህም ዙሩን ያጠናክረዋል። እንዲህ ራሱን በራሱ እየመገበ የሚቀጥለው ዙረት ስፒን ነው።

ስፓይራል ዳይቭ ላይ ላዩን ሲያዩት ይመሳሰላል፤ በውስጡ ግን ክንፉ ስቶል አላደረገም። ልዩነቱን የሚናገረው የፍጥነት መለኪያው ነው። በስፒን ውስጥ መርፌው ዝቅ ብሎ እዚያው አካባቢ ይንቀጠቀጣል፤ በስፓይራል ዳይቭ ውስጥ ግን ያለማቋረጥ ይወጣል፣ አብራሪውም ወደ መቀመጫው እየተጫነ ሲሄድ ይሰማዋል። ይህን መለየት የግድ ነው፤ ምክንያቱም ለስፒን የሚደረገው ማስተካከያ፣ በተለይ ዘንጉን (አብራሪው በእጁ የሚይዘውን መቆጣጠሪያ) ወደ ፊት መግፋቱ፣ ፍጥነቱ እየናረ ባለ ስፓይራል ዳይቭ ላይ ቢደረግ አውሮፕላኑን ከፍጥነት ወሰኑ በላይ ያስወጣዋል።

ክንፉ ስቶል ካደረገ ጅራቱ ምን አገባው?

ስፒኑን የሚያስነሳው ክንፉ ነው፤ የሚያስቆመው ግን በአብዛኛው ጅራቱ ነው። ጅራቱ በስፒን ውስጥ ሦስት ሥራ አለው። የፊኑና ከበስተኋላ ያለው የአውሮፕላኑ አካል የጎን ስፋት አየሩን እየገፋ ዙረቱን ያለዝባል። ረደሩ በተቃራኒው ሲረገጥ ዙረቱን የሚያስቆም ኃይል ይሰጣል። ኤሌቬተሩ ደግሞ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ክንፉን ከስቶል ያወጣዋል።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሚለኩት በስፋት ብቻ ሳይሆን በርቀትም ነው። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ሆኖ የሚገፋና ከእጀታው በኩል የሚገፋ ሰው አንድ ዓይነት ድካም እንደማይደክሙ ሁሉ፣ ከስበት ማዕከሉ (የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛኑን ከሚጠብቅበት ነጥብ) ርቆ የተቀመጠ ትንሽ ረደር ቀርቦ ከተቀመጠ ትልቅ ረደር ሊበልጥ ይችላል። የግላይደር የኋላ አካል ቀጭንና ረጅም መሆኑ የአየር ጎታችነትን ከመቀነስ በተጨማሪ በዚህ በኩልም ይጠቅማል። ቅጥነቱ ግን ዋጋ አለው፤ በጎኑ አየር የሚገፋበት ስፋት ስለሚያንስ ዙረቱን የማለዘቡ ሸክም ከሞላ ጎደል በፊኑና በረደሩ ላይ ይወድቃል።

«አግዳሚ ጅራቱ ረደሩን ይጋርደዋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ስለሆነ ጊዜ መስጠት ይገባል። በመደበኛ በረራ አየሩ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚፈስ ፊኑና አግዳሚ ጅራቱ አንዱ ሌላውን እምብዛም አይረብሹም። በስፒን ውስጥ ግን ግላይደሩ ወደ ታች እየወደቀ ስለሆነ አየሩ የሚመጣው ከፊትና ከታች ነው። የናሳ አከፋፈል አንግል ኦፍ አታኩ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ የሆነውን ቀጥ ያለ (አፍንጫው በጣም ወደ ታች ያዘቀዘቀበት) ስፒን፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነውን ደግሞ ጠፍጣፋ ስፒን ይለዋል። አግዳሚ ጅራቱ ይህን ከታች የሚመጣ አየር በሰፊ ገጹ ሲገጥመው ከበላዩ የታወከና ጉልበት ያጣ አየር ይተዋል። ረደሩ በዚያ በታወከ አየር ውስጥ ከተዋጠ አብራሪው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ቢረግጥም የሚያገኘው ኃይል ጥቂት ነው።

ይህን በወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። ከበረራ መመሪያው ውስጥ የግላይደሩን የጎን ሥዕል ያውጡ። ከአግዳሚ ጅራቱ ፊተኛ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ኋላ በ60 ዲግሪ የሚወጣ መስመር ያስምሩ፤ ከኋለኛው ጠርዝ ደግሞ በ30 ዲግሪ የሚወጣ ሌላ መስመር ያስምሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚወድቀው የፊንና የረደር ክፍል እንደተጋረደ ይቆጠራል፤ ከመስመሮቹ ውጭ የቀረውና ከአግዳሚ ጅራቱ በታች ያለው ግን ንጹሕ አየር ያገኛል። ዘዴው የናሳ ቀዳሚ የሆነው የአሜሪካው ናካ በ1940ዎቹ በላንግሊ አየሩ ከታች ወደ ላይ በሚነፍስበት የንፋስ ዋሻ ውስጥ የአውሮፕላን ሞዴሎችን እያሽከረከረ ባገኘው ውጤት ላይ ተመሥርቶ የተቀመጠ ነው። ያልተጋረደው የረደር ስፋት ከስበት ማዕከሉ ካለው ርቀት ጋር፣ ከአግዳሚ ጅራቱ በታች ያለው የጎን ስፋት ደግሞ ከርቀቱ ካሬ ጋር ተባዝተው አንድ የመመዘኛ ቁጥር ይሰጣሉ።

ሥዕሉን ከሠሩት በኋላ አንድ የሚያስገርም ነገር ያያሉ። አግዳሚ ጅራታቸው ዝቅ ብሎ የተገጠመ ብዙ የቆዩ የእንጨትና የብረት ቱቦ ግላይደሮች ከሚጠበቀው በላይ ጥሩ ሆነው ይገኛሉ፤ ምክንያቱም ረደራቸው እስከ አካሉ ግርጌ ድረስ ስለሚወርድ የታችኛው ክፍል ከአግዳሚ ጅራቱ በታች ሆኖ ንጹሑን አየር ይቀበላል። ስለዚህ «ዝቅ ያለ ጅራት መጥፎ ነው» የሚለው ፍርድ ከሥዕሉ በፊት መሰጠት የለበትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን መመዘኛውን እንደ መጨረሻ ዳኛ ማየት ስሕተት ነው። ናሳ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ ባደረጋቸው የሞዴልና የበረራ ሙከራዎች ቁጥሩ ብቻውን አንድ አውሮፕላን ከስፒን ይወጣል ወይስ አይወጣም ብሎ ለመተንበይ እንደማይበቃ አሳይቷል። የክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ቅርጽ፣ የአካሉ የታችኛው ክፍል ክብ ወይም ጠፍጣፋ መሆን፣ የክብደቱ አቀማመጥ ሁሉ ይገቡበታል። እንደ እኔ ግምት የመስመሮቹ ዋና ጥቅም አብራሪው አየሩ በስፒን ውስጥ ከየት እንደሚመጣ በዓይኑ እንዲያየው ማድረጋቸው ነው።

ታዲያ ቲ-ቴይል ሁልጊዜ የተሻለ ነው?

ቲ-ቴይል ማለት አግዳሚ ጅራቱ በፊኑ ጫፍ ላይ የተቀመጠበት ንድፍ ነው። ዛሬ በሚሠሩት የፋይበር ግላይደሮች ላይ የተለመደው ይህ ነው፤ የተመረጠው ግን በስፒን ምክንያት ብቻ አይደለም። ግላይደር ወደ ላይ የሚያነሳው አየር ሲያጣ ማሳ ላይ ያርፋል፤ ከፍ ያለ ጅራት ደግሞ ከሰብሉና ከአጥሩ ይድናል። ፊኑና አግዳሚ ጅራቱ የሚገናኙበት ማዕዘን አነስተኛ ስለሆነ የአየር ጎታችነቱ ይቀንሳል፣ ጅራቱም ከክንፉ ኋላ ከሚወጣው የታወከ አየር ይርቃል። በፊኑ ጫፍ ላይ እንደ ክዳን መቀመጡም የፊኑን ሥራ ያጎለብታል።

በስፒን ረገድ ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የታወከው አየር ከአግዳሚ ጅራቱ በላይ ስለሚሄድ ረደሩ በሙሉ ከታች ሆኖ ንጹሕ አየር ያገኛል። ዘንጉ የትም ቢሆን ኤሌቬተሩ ረደሩን አይጋርደውም።

ነገር ግን «ቲ-ቴይል ስለሆነ ስፒን አያስቸግረውም» የሚለውን አነጋገር መቀበል አይቻልም። በጅራቱ ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክብደት ፊኑ ይበልጥ ጠንካራ፣ ስለዚህም ከባድ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ክብደቱ ደግሞ ከስበት ማዕከሉ በጣም ወደ ኋላ ነው። ከዚህም በላይ ያልተጋረደ ረደር የሚጠቅመው ሙሉ በሙሉ ከተረገጠ ነው። ቲ-ቴይል ባላቸው ግላይደሮች ላይም ሰዎች በስፒን ሞተዋል፤ ብዙውን ጊዜ ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲታጠፉ፣ ከፍታ በሌለበት ቦታ። እዚያ ላይ የትኛውም የጅራት ቅርጽ አያድንም።

ዲፕ ስቶል የሚባለው የቲ-ቴይል ችግርም ይጠየቃል። በ1963 የብሪታንያው ቢኤሲ ዋን-ኢሌቨን የተባለ የመንገደኛ ጄት በሙከራ በረራ ላይ የወደቀው ከክንፉ የሚወጣው የታወከ አየር ከፍ ብሎ የተገጠመውን አግዳሚ ጅራት ስለዋጠው ነበር። ያ አውሮፕላን ወደ ኋላ የተጠረገ ክንፍና በኋላ አካሉ ላይ የተለጠፉ ሞተሮች ነበሩት። ግላይደር ቀጥ ያለ፣ ረጅምና ጠባብ ክንፍ ያለው፣ ሞተርም የሌለው ስለሆነ የዚያን ጄት ታሪክ እንዳለ ወስዶ ግላይደር ላይ መለጠፍ ተገቢ አይደለም።

ቪ-ቴይልስ?

ቪ-ቴይል ሦስቱን የጅራት ገጾች በሁለት ዘንበል ያሉ ገጾች ይተካል። የኦስትሪያው ስታንዳርድ ኦስትሪያና የጀርመኑ ሳልቶ ይህ ጅራት አላቸው። እያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ገጽ ረደርም ኤሌቬተርም ሆኖ ስለሚሠራ አብራሪው በአንድ ጊዜ ሙሉ ረደር ሲረግጥና ዘንጉን ወደ ፊት ሲገፋ ሁለቱ ትእዛዞች በአንደኛው ገጽ ላይ ይደማመራሉ፣ በሌላኛው ላይ ይጣፋሉ። ስለዚህ ንድፉ በጥንቃቄ ካልተሠራ ሁለቱንም በሙሉ ማግኘት አይቻልም። በጥሩ ሁኔታ የተሠሩት ከስፒን በአግባቡ ይወጣሉ፤ የሚጠቀሙበት አብራሪ ግን መመሪያው ስለ ቅደም ተከተሉ የሚለውን ቃል በቃል ማወቅ አለበት።

ኤኤስኬ 21 ስፒን አይገባም የሚባለው ጅራቱ ቲ-ቴይል ስለሆነ ነው?

አይደለም፤ ይህ በብዛት የሚሰማ የተሳሳተ ማብራሪያ ነው። ኤኤስኬ 13 እና ኤኤስኬ 21 ሁለቱም ባለ ሁለት መቀመጫ የማሰልጠኛ ግላይደሮች ናቸው፤ ሁለቱንም ለጀርመኑ አሌክሳንደር ሽላይኸር ፋብሪካ የነደፋቸው ሩዶልፍ ካይዘር ነው። የመጀመሪያው በ1966፣ ሁለተኛው በ1979 በረሩ። አንደኛው ዝቅ ያለ ጅራት ያለውና ስፒን በደንብ የሚያስተምር ሲሆን፣ ሌላኛው ቲ-ቴይል ያለውና በተለመደው ጭነት ስፒን ውስጥ አልቆይም የሚል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን ለጅራቱ ከፍታ ቢሰጠው አይፈረድበትም።

ዋናው ምክንያት ግን የኤሌቬተሩ ጉልበት ከስበት ማዕከሉ ቦታ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ክንፍ በስፒን ውስጥ እንዲቆይ በስቶል ውስጥ መያዝ አለበት፤ የሚይዘውም ወደ ላይ የተነሳው ኤሌቬተር ነው። የስበት ማዕከሉ ወደ ፊት በሆነ መጠን አፍንጫው ይከብዳል፣ ኤሌቬተሩም ዘንጉ እስከ ሆድ ቢሳብ እንኳ ክንፉን በዚያ ከፍተኛ አንግል ላይ ማቆየት ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ ስፒኑ ከተጀመረ በኋላ ራሱ ይፈርስና ወደ ስፓይራል ዳይቭ ይለወጣል። ሁለት ከባድ ሰዎች የተቀመጡበት ኤኤስኬ 21 የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለዚህም ነው ፋብሪካው ለስፒን ትምህርት በጅራቱ ላይ የሚታሰር ክብደት ያዘጋጀው፤ ዲጂ-1000 የተባለውም ባለ ሁለት መቀመጫ ግላይደር ለተመሳሳይ ዓላማ በፊኑ ውስጥ የክብደት ሳጥን አለው። ክብደቱ ሲታሰር የጅራቱ ቅርጽ ቅንጣት ታህል አልተለወጠም፤ ግላይደሩ ግን ስፒን ይገባል፣ ይቆይበታልም።

ከዚህ የሚከተል አንድ አደጋ አለ። ሁልጊዜ ከአስተማሪ ጋር ሲበር «ይህ ግላይደር ስፒን አይገባም» ብሎ የለመደ ቀላል ክብደት ያለው ተማሪ ለብቻው ሲበር የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያን ቀን የሚያበረው በጠባዩ ሌላ አውሮፕላን ነው።

ከስፒን ለመውጣት ረደር ለምን ይቀድማል? ዘንጉስ ለምን ይከተላል?

መደበኛው ቅደም ተከተል፦ ኤይለሮኖች (በክንፎቹ ጫፍ አካባቢ ያሉት አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት ተንቀሳቃሽ ገጾች) መሐል ላይ፣ ሙሉ ረደር ከዙረቱ በተቃራኒ፣ ከዚያ ዘንጉን ዙረቱ እስኪቆም ድረስ በእርጋታ ወደ ፊት፤ ዙረቱ እንደቆመ ረደሩን ወደ መሐል መመለስና ከውርዱ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። አንዳንድ መመሪያዎች በረደሩና በዘንጉ መካከል ትንሽ ጊዜ እንዲሰጥ ያዛሉ።

ረደሩ የሚቀድምበት ምክንያት በከፊል ከላይ ያየነው ግርዶሽ ነው። ዝቅ ያለ ጅራት ባላቸው አንዳንድ ዓይነቶች ላይ ኤሌቬተሩ ወደ ታች ሲታጠፍ የታወከው አየር ከረደሩ ይበልጥ ብዙ ክፍል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ረደሩ ሥራውን ገና ንጹሕ አየር እያለው ይጀምር ዘንድ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ሌላው ምክንያት ዙረቱ ሳይቀንስ ዘንጉ ቢገፋ ግላይደሩ ለጊዜው ይበልጥ በፍጥነት ሊሽከረከር መቻሉ ነው። ይህ የዙረት መፍጠን ሊያቆም ሲልም ይታያልና ያልተዘጋጀ ተማሪ «ተባብሶብኛል» ብሎ የጀመረውን ትክክለኛ ነገር ይተዋል። መተው የለበትም።

የግላይደር ጉዳይ ግን ከብዙ የሞተር አውሮፕላኖች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ክንፉ እጅግ ረጅም ስለሆነ ከክብደቱ ትልቁ ድርሻ በክንፎቹ ላይ ተዘርግቷል። የናካ ሙከራዎች እንዳሳዩት ክብደቱ በክንፎቹ ላይ የተዘረጋ አውሮፕላን ከስፒን ሲወጣ የኤሌቬተሩ ድርሻ ይጎላል፤ ክብደቱ በአካሉ ርዝመት ላይ በተዘረጋ ጊዜ ግን ጉዳዩ የተለየ ነው። ስለዚህ በግላይደር ላይ ረደሩን ረግጦ ዘንጉን ወደ ኋላ እንደያዙ መጠበቅ ግማሽ ሥራ ነው። ዘንጉ ወደ ፊት መሄድ አለበት፣ ምድር የንፋስ መከላከያውን መስታወት ሞልታው እያለም ቢሆን። ለእጅ የሚከብደው ይህ ነው፤ በተጨማሪም ከታች የሚመጣው አየር ኤሌቬተሩን ወደ ላይ፣ ረደሩንም ወደ ዙረቱ አቅጣጫ ስለሚገፋቸው ዘንጉም ፔዳሉም ከተለመደው በላይ ጉልበት ሊጠይቁ ይችላሉ።

የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ሲሄድ ለጅራቱ ምን ይለወጣል?

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይበላሻል። በስበት ማዕከሉና በጅራቱ መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፣ አፍንጫው ወደ ታች የመውረድ ዝንባሌው ይቀንሳል፣ ስፒኑም ወደ ጠፍጣፋነት ሊያዘነብል ይችላል። ጠፍጣፋ ስፒን ደግሞ አየሩ ይበልጥ ከታች የሚመጣበት ስለሆነ የግርዶሹን ችግር ያባብሰዋል።

የጅራት ጥገና ከዚህ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ፊኑ ከስበት ማዕከሉ 4 ሜትር ወደ ኋላ፣ የአብራሪው መቀመጫ ደግሞ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት የሆነበትን ግላይደር እንውሰድ። በፊኑ ላይ በጥገና ወይም በቀለም የተጨመረ 1 ኪሎ ግራም ለማካካስ በመቀመጫው ላይ 8 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ስለዚህ ጅራቱ የተጠገነ ወይም እንደገና የተቀባ ግላይደር ሲገዙ ከሥራው በኋላ የተደረገውን የክብደት ምዘና ወረቀት ይጠይቁ፤ ወረቀቱ ከሌለ ግላይደሩ ሳይመዘን አይብረር። በኮክፒቱ ውስጥ የተለጠፈው ዝቅተኛ የአብራሪ ክብደትም ለጌጥ አይደለም።

በፊኑ ውስጥ የሚሞላው ውሃ አደገኛ ነው?

የውድድር ግላይደሮች በክንፋቸው ውስጥ ውሃ ሞልተው ይነሳሉ፤ ብዙዎቹም ይህ የሚያመጣውን የስበት ማዕከል ለውጥ ለማካካስ በፊኑ ውስጥ ትንሽ ጋን አላቸው። አደጋው የሚመጣው የክንፉ ውሃ ፈስሶ የፊኑ ሳይፈስስ ሲቀር ነው፦ ከፍታ ላይ በበረዶ ወይም በቫልቭ ብልሽት ይህ ሊሆን ይችላል፤ የስበት ማዕከሉም ከወሰኑ በላይ ወደ ኋላ ሊወጣ ይችላል። በክንፉ የቀረ ውሃም ዙረቱን ለማቆም የሚያስፈልገውን ጊዜ ያረዝመዋል። ብዙ መመሪያዎች ውሃ ተጭኖ ስፒን ማድረግን የሚከለክሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጅራቱ ደካማ ሆኖ ከተገኘ ምን ይደረግለታል?

ከሞተር አውሮፕላኖች የታወቁት መፍትሔዎች ሦስት ናቸው፦ ረደሩን ማስፋት፣ ከአካሉ በታች ተጨማሪ ፊን መግጠም፣ ከአግዳሚ ጅራቱ ፊት በአካሉ ጎን ላይ ስስ ሳንቃ መሳይ ገጽ መለጠፍ። ቺፕመንክ የተባለው የማሰልጠኛ አውሮፕላን ሰፋ ያለ ረደርና እንዲህ ያሉ የጎን ገጾች ተጨምረውለታል። ከታች የሚገጠመው ፊን የሚሠራበት ምክንያት አሁን ግልጽ ነው፤ ከታች የሚመጣውን አየር ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። በግላይደር ላይ ግን ከታች የተንጠለጠለ ነገር ማሳ ላይ ሲያርፍ ይሰበራልና ነዳፊዎች ከመጀመሪያው ረደሩን በንጹሕ አየር ውስጥ ማስቀመጥን ይመርጣሉ።

አምራቹ ይህን ሁሉ እንዴት ያረጋግጣል?

በአውሮፓ ግላይደሮች የሚመዘኑበት ሲኤስ-22 የተባለው ደንብ ግላይደሩ ከ5 ዙር ስፒን፣ ወይም ስፒኑ ከዚያ በፊት ወደ ስፓይራል ዳይቭ የሚለወጥ ከሆነ እስከዚያው ካለው ዙር፣ በመደበኛው ዘዴ መውጣት እንዲችል ይጠይቃል። ይህም የፍጥነትና የጭነት ወሰኑን ሳያልፍ መሆን አለበት። የሙከራ አብራሪው የስበት ማዕከሉን እስከ ኋለኛው ወሰን እያስጠጋ ይደጋግመዋል፤ ለክፉ ቀንም ጅራቱ ላይ የሚታሰርና ሲዘረጋ ጅራቱን ወደ ላይ ጎትቶ አፍንጫውን የሚያወርድ ትንሽ ፓራሹት ይገጠማል። ያ ፓራሹት ከሙከራው በኋላ ይነሳል፤ በመመሪያው ላይ የተጻፈው የኋለኛ ወሰን ግን ይቀራል። ወሰኑን አልፎ የሚበር ሰው ማንም ባልሞከረውና ያለዚያ ፓራሹት በሚደረግ ሙከራ ላይ ነው።

ከባሕር ወለል ከፍ ባሉ ቦታዎች ስፒኑ ይለያል?

አዎን፣ በመጠኑ። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ አየሩ የሳሳ ነው። የፍጥነት መለኪያው ተመሳሳይ ቁጥር ቢያሳይም እውነተኛው ፍጥነት ይበልጣል፣ በእያንዳንዱ ዙር የሚጠፋው ከፍታም ይጨምራል። የግላይደሩ ክብደት አልቀነሰም፣ ጅራቱ የሚገፋው አየር ግን ቀሏል፤ ስለዚህ ዙረቱ ለመቆም ትንሽ ይዘገያል። ለልምምድ የሚያዘው ከፍታ ከመሬቱ በላይ ተቆጥሮ በዚህ መጠን መጨመር አለበት።

ኤይለሮን፣ ኤርብሬክና ፍላፕስ?

ኤይለሮን መሐል ላይ ይሁን፤ የወደቀውን ክንፍ በኤይለሮን ለማንሳት መሞከር በአብዛኛው ስፒኑን ያባብሰዋል። ኤርብሬክ (ከክንፉ ወጥቶ አየሩን የሚገታው ሳንቃ) ከተከፈተ ይዘጋ። ፍላፕ (በክንፉ ኋለኛ ጠርዝ ላይ ያለ የክንፉን ቅርጽ የሚለውጥ ገጽ) ያለው ግላይደር መመሪያው ወደሚያዘው ቦታ ይመለስ፤ ይህ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል።

ከስፒን ልምምድ በፊት በጅራቱ ላይ ምን ልፈትሽ?

አንድ ሰው ረደሩን በእጁ በቀስታ ይዞ አብራሪው ፔዳሉን ሲረግጥ ገጹ በሁለቱም በኩል እስከ ማቆሚያው ድረስ መድረሱን ይመልከት። ይህን ማድረግ ያለብዎት በረራውን በሚያደርጉበት አቀማመጥ ነው፦ ቀበቶዎ ታስሮ፣ ፓራሹትዎ በጀርባዎ ሆኖ፣ ፔዳሉ ለእግርዎ ተስተካክሎ። አጠር ያለ እግር ያለው ሰው ፔዳሉ ርቆ ከተቀመጠ መሬት ላይ ሙሉ ረደር የረገጠ ይመስለዋል፤ በስፒን ውስጥ ግን ሰውነቱ ትንሽ ሲንሸራተት የመጨረሻዎቹ ሴንቲሜትሮች ይጎድሉታል። ንድፍ አውጪው ረደሩን የመጠነው እስከ ማቆሚያው እንደሚረገጥ ቆጥሮ ነው።

የአግዳሚ ጅራቱ መያዣ ፒን መቆለፉን፣ ኤሌቬተሩ ከመቆጣጠሪያው ጋር መገናኘቱን፣ በማጠፊያዎቹ ላይ ክፍተት አለመኖሩን ያረጋግጡ። የኤሌቬተሩን ግንኙነት ሌላ ሰው ገጹን በእጁ ይዞ እርስዎ ዘንጉን ሲያንቀሳቅሱ ይሞክሩት። የጅራት ክብደት ከታሰረም ቁጥሩን በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ከልምምዱ በኋላም ቀጣዩ አብራሪ ከመግባቱ በፊት ክብደቱ መፈታቱን ራስዎ ጅራቱ ጋ ሄደው ይዩ።